ቀኙ የት ሄደ?

ለጋብቻ በጠየቃት ቀን እንኳ «ቆይ» ነው ያለችው። ይህን የነገረን ባሏ ራሱ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ጨዋታ ያውቃል። «ቆይ» ብላው ሄደችና እሱ ቧንቧ የዘረጋላቸውን ሰዎች እያፈላለገች የሚያንጠባጥብ ነገር እንዳለ ስትጠይቅ ከረመች። አንድም ቅሬታ ስታጣ ተመልሳ «እሺ» አለችው። እሱ ሲያወራው እየሳቀ ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ገና ያኔ እግሬ አውጪኝ እል ነበር።

እኛም ወርክሾፕ ውስጥ ቆይ-ቆይ ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እሷም ቅር አላላትም። በር ስትዘጋ ቆይ ብላ ተመልሳ ትገፋዋለች። ቁልፍ ስትሰጥ ቆይ ብላ እንደገና ታየዋለች። እኔ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የምል ሰው ነኝ፤ መርፌ እጄ ላይ እያለ ሌላ መርፌ የምፈልግ። እንዲህ ያለ ሰው ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲውል ደም ብዛት ባይዘው ይገርማል።

ቤታችን ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ነው። እኔ የጫማው ሰው ነኝ፤ እግሩ ሲያልቅ ጫማውን የምሠራለት እኔ ነኝ። የጄሶው ክፍል የእትዬ ጄሶ ነው። የተቆረጠውን እግር ጫፍ በእርጥብ ጄሶ ጠቅልላ ቅርጹን ትወስዳለች፣ ቅርጹን በሞረድ ትሞርዳለች፣ አለቃችን ደግሞ ፕላስቲኩን በምድጃ አሙቆ በቅርጹ ላይ ይለብጠዋል። እትዬ ጄሶ እዚህ ቤት ያረጀች ሴት ናት። ቤቷ ስትገባ የልጅ ልጆቿ «ዱቄቷ መጣች» እያሉ ይቀበሏታል አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ቅንድቧ ጭምር ነጭ ነው።

ይህች ሴት አንድ ሕግ አላት፦ ጥንድ ነገር አብሮ አያድርም። ግራው በግራ ግድግዳ መደርደሪያ፣ ቀኙ በቀኝ ግድግዳ መደርደሪያ። ሕጉ የመጣው ከጥፋት ነው። ድሮ ሁለቱንም እግሩን ላጣ አንድ ሰው የተሠሩ ቅርጾች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አደሩና ግራና ቀኙ ተምታታ። ሰውየው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ አጥልቆ፣ ቀና ብሎ ሲቆም የሁለቱ ጫማ አፍንጫ ፊት ለፊት ተያየ። እትዬ ጄሶ ያን ቀን ያለቀሰችውን ዛሬም ሳይቀር ታስበዋለች። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ጥንድ የሆነ ነገር ሁሉ ተፋቷል። የእኔ የጫማ ፎርማዎች ተፋተዋል። የራሷ ጓንት እንኳ ግራው በዚህ ሚስማር ቀኙ በዚያ ሚስማር ስለሚንጠለጠል፣ በየጠዋቱ ጓንት ለማድረግ ክፍሉን አቋርጣ ትሄዳለች። ስቄባት አላውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን ከዚያ ወዲህ አፍንጫው የተያየ ጫማ ከእኛ ቤት አልወጣም።

ቆይ-ቆይ ወደዚህ ቤት የመጣችው ገና በልጅነቷ፣ የአባቷን ምርኩዝ ተሸክማ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን መርገጫ የሚመታው እኛ በሠራንለት እግር ነው። የእሱ ነገር ሁሌ ያበሳጨን ነበር። አዲስ እግር በተሠራለት ቁጥር ከጉልበቱ በታች በውስጥ በኩል አንዲት ቦታ ላይ ይላጥበታል። ቆስሎ ይመጣል፣ እናስተካክላለን፣ ይድናል። እግሩ አርጅቶ ሌላ ሲሠራለት ያችው ቦታ እንደገና ትቆስላለች፤ ምክንያቱም ያለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደተስተካከለ የተጻፈበት ወረቀት የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን ያለ ሰው ጄሶ ቤት ገብቶ አያውቅም። የእኛ ወረቀት ውሃ ነክቶት፣ ጄሶ ደርቆበት፣ ሲገልጡት እንደ ቂጣ ይሰበራል። አባቷ አንድ ቀን ካልሲውን እያወለቀ «ቁስሌን ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው የለም» ሲል ሰምቼዋለሁ። ልጅቱም አጠገቡ ነበረች።

እሱ ካረፈ በኋላ እኛ ዘንድ መዝጋቢ ሆና ተቀጠረች። ከሥራ መልስ ኮርስ እየገባች ፕሮግራም መጻፍ ተማረች። ምን ሊያደርግልሽ ነው ብዬ አሹፌባት ነበር፤ «ይቆዩ ጋሼ» አለችኝ። በመጨረሻ የሠራችው ፕሮግራም ከግራው ግድግዳ ጥግ፣ አቧራ እንዳይገባ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ። ኢንተርኔት የለውም፣ ከማንም ጋር አይገናኝም፤ እዚያው ማሽን ላይ ተከፍቶ እዚያው ይሠራል። የእያንዳንዱን ሰው ልኬት ይይዛል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ከስምም ከአድራሻም አስቀድማ፣ አንድ ሣጥን አበጅታለች። «የሚያመው ቦታ» ይላል።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልምጣ።

አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር በሕመም ምክንያት ግራ እግሩን ከጉልበት በታች አጥቶ እኛ ዘንድ ይመላለስ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ቦታውን እስከ ፈተናው ቀን ጠብቆለታል። ሰው ሠራሹን እግር አድርጎ፣ በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ረግጦ፣ አውቶቡሱን ሳያንገጫግጭ ነድቶ ካሳየ ወደ መሪው ይመለሳል። በቀኑ ካልቀረበ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጥና እሱ በር ጠባቂ ይሆናል። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው በመሪ ነው። በር ሲጠብቅ የሌሎች አውቶቡስ ሲገባና ሲወጣ ማየት እንደማይችል ነግሮናል፤ ሲናገር ድምፁ ይሰበር ነበር። ለልምምድ እንዲሆነው አሮጌ የፍሪሲዮን ፔዳል ከነሞላው በሳንቃ ላይ መታሁለት። በሙከራ እግር እየመጣ ይረግጣል፤ የሚያመውን ይናገራል፤ እትዬ ጄሶ እዚህ ጋ ይህን ያህል ይሞረድ፣ እዚያ ጋ ይህን ያህል ይሞላ ትላለች፤ ልኬቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። በመጨረሻው ሙከራ ሳቅ ብሎ ወጣ።

ከፈተናው አንድ ቀን በፊት የቀረን ሥራ ቀላል ነበር። እትዬ ጄሶ ቅርጹን በልኬቱ መሠረት ትሞርዳለች፣ ፕላስቲኩ ይለበጣል፣ ሲቀዘቅዝ ያድራል፣ ጠዋት ሾፌሩ አጥልቆት ይሄዳል። አለቃችን ልኬቱን ሊያወጣ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ተከፈተ። ውስጡ ግን ባዶ ነው። ሾፌሩ የለም፣ ሌላም ሰው የለም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት የመዘገብናቸው ሰዎች ከነቁስላቸው ጠፍተዋል።

ቆይ-ቆይ ያን ጠዋት አልነበረችም፤ እናቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ ፈቃድ ጠይቃ ነበር። እኔ ወዲያው አፌን ከፈትሁ። በዚህ ኮምፒውተር ላይ እምነት የጣለ ሰው ምን ይጠብቃል አልሁ። አለቃችን ፕሮግራሙን አጥፍቶ ከዲስኩ እንደ አዲስ ሊጭነው ተነሣ፤ እኔም ቶሎ በል እያልሁ ከኋላው ቆምሁ። ደግነቱ መጀመሪያ ስልክ ደወለላት። ከስልኩ የወጣው ያው የምናውቀው ቃል ነበር። እባክዎ ይቆዩ፣ ምንም አይንኩ፣ ምንም አይጫኑ፣ መጣሁ አለችው። አለቃችን ትኩስ ድስት እንደ ነካ ሰው እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣው።

እናቷን ቤት አድርሳ ስትደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን ወንበሩ ላይ ዘላ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ ሁላችንንም ጠየቀች። ትናንት የሠራ ነገር ዛሬ ካልሠራ በመካከሉ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምን ተለወጠ? አለቃችን ምንም አለ። እኔ ምንም አልሁ። እትዬ ጄሶ መልስ ሳትሰጥ የግራ ጓንቷን ልታወርድ ሄደች። ልብ ያላት አልነበረም።

ቀጥሎ ያደረገችውን ቆሜ አየሁ። ፕሮግራሙ ልኬቶቹን የሚያነብበት ቦታ የተጻፈለት አንድ ትንሽ ፋይል አለ፤ እንደ አድራሻ ነው። ከፈተችው፤ አድራሻው ልክ ነው፣ ማንም አልነካውም። ወደ አድራሻው ሄደች፤ ልኬት የሚባለው የዳታቤዝ ፋይልም በስሙ እዚያው ተቀምጧል። እኔ በቃ አለ እኮ ብዬ ልደሰት ስል ሁለት ነገር በጣቷ አሳየችኝ። አንደኛ፣ ፋይሉ ኢምንት ነው፤ የዚያን ሁሉ ሰው ልኬት የያዘ ነገር እንዲህ አይቀልም። ሁለተኛ፣ የተፈጠረበት ጊዜ ዛሬ ጠዋት ነው ይላል። እኛ ፕሮግራሙን ስንከፍት የተወለደ ሕፃን ነው።

«ይሄ የእኛ አይደለም» አለች። «ፕሮግራሙ የኛን ፋይል ሲያጣ አዲስ ባዶ ፋይል ፈጥሮ ዝም አለ። አጣሁ ማለት ነበረበት። እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ የጻፍኩት።»

አንገቷ ድረስ ቀላች። ቢሆንም ነገሩ ተስፋ ነበረው፤ የጠፋብን ፋይል ተበላሽቶ ሳይሆን ከቦታው ተነሥቶ ነው ማለት ነዋ። ማሽኑን ሙሉ አስፈተሸችው። እኛ ከኋላዋ ተደርድረን ቆምን። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ልኬት የሚል ስም ያለው ጎምላላ ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ተገኘ። የፎልደሩ ስም «ግራ» ይላል። ያን ጊዜ ስሙን ማንም ልብ አላለውም።

አለቃችን በይ መልሽውና ወደ ሥራ አለ። እኔም ምን ትጠብቂያለሽ አልኋት፤ ቅርጹ ገና አልተሞረደም፣ ምድጃው አልሞቀም፣ ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ናት። እሷ ግን «ቆይ» አለች። ፋይሉን ሳትነካ መጀመሪያ ኮፒ አደረገችው፤ ኮፒውን ሌላ ቦታ አስቀምጣ የከፈተችው እሱን ነው። ያን ጊዜ እንዴት እንደ ተናደድሁ አልነግራችሁም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት እኛ ቤት ሥራ ላይ ከዋለ፣ ለእንቁላሉም እግር የምንሠራው እኛው ነን ብዬ አጉረመረምሁ።

ስክሪኑ በስም ተሞላ። ሰዎቻችን በሙሉ ተመለሱ። አለቃችን አጨበጨበ፣ እኔም ንዴቴን ረስቼ ጮቤ ረገጥሁ። እሷ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም፤ የሾፌሩን ስም ከፍታ ትመለከታለች። የመጀመሪያው ቀን ልኬት አለ። ከዚያ ወዲህ ያለው የለም። ሦስቱ ሙከራዎች፣ የሚሞረደው፣ የሚሞላው፣ አንዱም አልገባም። በየወሩ መጨረሻ የምታስቀምጠው መጠባበቂያም ከሙከራዎቹ በፊት የተወሰደ ነው። ሾፌሩ አለ፣ ልኬቱ የለም፤ ድካሙን ሁሉ ውሃ በላው።

ምክንያቱን ግን ወዲያው ደረሰችበት፤ ለእኛም በሚገባን ቋንቋ አስረዳችን። ዋናው ፋይል አንድ ተከታይ አለው። አዲስ የሚጻፍ ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ተከታዩ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲዘጋ ወደ ዋናው ይገለበጣል። እሷ በወር መጨረሻ ለመጠባበቂያው ስትል ከምትዘጋው በቀር እኛ ፕሮግራሙን በሥርዓት ዘግተነው አናውቅም። እሷ ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ቀድማ ትወጣለች፤ እየወጣች ዝጉት እያለች ትለምነናለች፤ እኛም አዎ አዎ እንላለን። ከዚያ መጨረሻ የሚወጣው ሰው የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ቀጭ ያደርገዋል። ምድጃው አንድ ጊዜ ሳይጠፋ አድሮ ቤቱን ሊያቃጥለው ከደረሰ ወዲህ የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩም እንደ ምድጃው ድርግም ይላል። ስለዚህ የሾፌሩ ሙከራዎች ዋናው ፋይል ላይ ሳይደርሱ ተከታዩ ላይ ተቀምጠው ከርመዋል። ፕሮግራሙ ዋናውን ያለ ተከታዩ ከፍቶ አዲስ ነገር ቢጽፍበት ኖሮ ደግሞ ሁለቱ ዳግመኛ አይተዋወቁም ነበር። ያቺ «ቆይ» ያስቀረችው ይህን ነው። የእንቁላሉን ተረት ከዚያ በኋላ መልሼ አላነሣሁትም።

አሁን የሚፈለገው ተከታዩ ነው። ማሽኑ እንደገና ተፈተሸ። ተከታዩ የለም። በስሙም፣ ከስሙ በኋላ በሚመጣው ጅራቱም ተፈለገ፤ የለም። አለቃችን ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። ሾፌሩን ደውለን እንጥራው፣ እንደገና እንለካው ብል፣ ያ ሁሉ ሙከራ ሳምንታት የፈጀ ነው፤ በአንድ ከሰዓት አይሆንም ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። በመጀመሪያው ልኬት ብንሠራለት እግሩ ይገባል፤ ግን ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ይልጠዋል። ፈታኙ ፊት ሲያቃስት ታየኝ። ከዚያም በር ላይ ቆሞ ሰንሰለት ሲያነሣና ሲያወርድ ታየኝ፤ ዓይኔ ውሃ ሞላ።

እሷ ስክሪኑ ላይ ፈዛ ቀርታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የፎልደሩን ስም እያነበበች ነው፤ ግራ፣ ግራ። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ ግድግዳውን አየች። ግድግዳው ላይ የግራ ቅርጾች፣ የግራ ፎርማዎች፣ ከሁሉ ጫፍ ደግሞ ባዶ ሚስማር፤ የግራ ጓንት ማንጠልጠያ። ተነሥታ ወደ ጄሶው ክፍል ሄደች። እኔና አለቃችንም ተከተልናት።

እትዬ ጄሶ የሾፌሩን ቅርጽ ታቅፋ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ምን እንደ ተፈጠረ ቆይ-ቆይ ሳትነግራት፣ ልጅ እናቱን የሚጠይቅ ያህል ቀለል አድርጋ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ቀኙ የት ሄደ?»

«ቀኙማ ቀኝ ግድግዳ ላይ ነዋ የኔ ልጅ» አለች እትዬ ጄሶ። «የት ይሆናል?»

ክፍሉን አቋርጣ ሄዳ ከቀኝ መደርደሪያው በላይ ካለው ሚስማር ላይ በክር የተንጠለጠለች ፍላሽ አወረደች። ልጇ መዝሙር ሞልታ የሰጠቻት ፍላሽ ናት። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ያን ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገብታ፣ መዝጋቢያችን ስለሌለች ቦታዋን ላጽዳላት ብላ ተነሣች። ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ኮምፒውተሩን አብርታ እሱንም ልታስተካክልላት ከፈተች። ስማቸው አንድ ሆኖ ጅራታቸው ብቻ የተለያየ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አየች። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፤ ግን ጥንድ ናቸው። ጥንድ ደግሞ አብሮ አያድርም። ኮምፒውተሩ ያለው በግራው ግድግዳ ስለሆነ ትልቁን ግራ ብላ እዚያው ከተተችው። ትንሹን ከማሽኑ አንሥታ ወደ ፍላሽዋ አዛወረችና ቀኝ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በዓለም ላይ ዳታቤዝን ግራና ቀኝ አድርጎ የለየ ሰው ቢፈለግ ከእኛ ቤት በቀር የሚገኝ አይመስለኝም።

የሆነው ሲገባት እትዬ ጄሶ በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ያ አፍንጫው የተያየ ጫማ የመጣባት መሰለኝ። እኔ ነኝ፣ ሰውየውን በር ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ልናገራት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ ሳይወጣ ቆይ-ቆይ ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያደረጉት ይሄ ቤት ያስተማረዎትን ነው። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፤ ያላገኘውን አላገኘሁም አላለም። አሁን ያንን እግር ያዙልኝ፣ መጣሁ።»

ፍላሽዋን ይዛ ገባች። አሁንም ቸኩላ አይደለም። የትንሹንም ኮፒ ወሰደች፣ ከትልቁ ኮፒ አጠገብ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠችው፣ ስማቸው ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አየች። እነዚያ የተፋቱት ሁለቱ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ ፕሮግራሙን ወደ እነሱ መርታ ከፈተችው።

የሾፌሩን ስም ነካች። የመጀመሪያው ቀን መጣ። አንደኛው ሙከራ መጣ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። አንዲት ቁጥር አልጎደለችም። አለቃችን የጮኸው ጩኸት መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎችን አስቁሟል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ጠረጴዛ ስመታ የመስታወቱ ክፍል ተንቀጠቀጠ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ከሰዓት አወቅሁ።

ልኬቱን ለእትዬ ጄሶ የምታነብላት ራሷ ናት። እትዬ በሞረዱ፣ እሷ በአፏ፤ ይህን ያህል ከዚህ፣ ይህን ያህል ከዚያ። «የሚያመው ቦታ» ጋ ስትደርስ ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች። ቀና ብዬ አየኋት። ከጉልበቱ በታች በውስጥ በኩል ይላል። የአባቷ ቦታ ናት፤ ያችው ራሷ። ጮክ ብላ አነበበችው፤ እትዬ ጄሶም የማንን ቁስል እንደምትሞርድ ገብቷታል፣ እዚያች ቦታ ላይ እንደ ቆየች ሌላ ቦታ ላይ አልቆየችም። ከዚያ ምድጃው ሞቀ፣ ፕላስቲኩ ተለበጠ። ያን ቀን ከመውጣታችን በፊት አለቃችን ራሱ ፕሮግራሙን በሥርዓት ዘጋው፣ ኮምፒውተሩን አጠፋው፣ ከዚያ ዋናውን ማጥፊያ ቀጭ አደረገ። በሩ ላይ ደርሰን ደግሞ እኔ ነኝ «ቆዩ» ብዬ ተመልሼ ያየሁት። ማንም አልሳቀብኝም፤ ቢስቁ ግን መብታቸው ነበር።

ጠዋት ሾፌሩ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። አዲሱን እግር አጠለቀ፣ የሠራሁለትን ጫማ አደረግሁለት፣ ሳንቃው ላይ ወዳለው ፔዳል ሄደ። ረገጠ። ለቀቀ። እንደገና ረገጠ፣ በቀስታ ለቀቀ። የሁላችንም ዓይን ፊቱ ላይ ነው፤ መቼ እንደሚኮማተር እንጠብቃለን። ረጅም ጊዜ ሲረግጥ ቆይቶ ወደ ቆይ-ቆይ ዞረ።

«እህቴ» አለ፣ «የሚያመኝን ቦታ ፈልጌ አጣሁት።»

እትዬ ጄሶ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆይ-ቆይ ግን ወደ መስታወቱ ክፍል ገባች፤ ስሙን ከፍታ ያን ሣጥን አገኘችና በዚያ ቀን ሥር «የለም» ብላ ጻፈች። አባቷ ያን ቃል ሳያይ ነው ያለፈው። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን በርቶ ነበር፤ ያን ያህል የደስ ደስ ያለው ፊት በዚህ ቤት አይቼ አላውቅም።

ሾፌሩ ወደ ፈተናው ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ የምንሠራ አስመሰልን እንጂ ማናችንም አልሠራንም። እትዬ ጄሶ አንዱን ጓንት ሁለት ጊዜ አጠበችው። ቆይ-ቆይ ጊዜዋን አላባከነችም፤ ፕሮግራሙን እየቀየረች ነበር። ከአሁን በኋላ ፋይሉን ካጣ ባዶ አይፈጥርም፤ «ፋይሉን አላገኘሁትም፤ የት ወሰዳችሁት?» ብሎ በትልቁ ይጠይቃል። የሚጻፈውንም በየምዝገባው ወደ ዋናው ይገለብጣል፤ መብራቱ ቢጠፋም ባይጠፋም። ከሁሉ የወደድሁት ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ አናት ላይ በትልቅ ወረቀት «እዚህ ቤት ግራና ቀኝ አብረው ያድራሉ» ብላ ለጠፈች፤ የለጠፈችው ራሷ ብትሆንም ቃሉን አስባ የሰጠቻት እትዬ ጄሶ ናት።

ቀኑ ወደ ማብቃቱ ሲቃረብ ከመንገዱ ጥሩምባ ተነፋ። አጭር አልነበረም፤ ሰፈሩን የሚያስወጣ ጥሩምባ ነው። ሮጠን ወጣን። በራችን ላይ የከተማ አውቶቡስ ቆሟል። መሪውን የጨበጠው የእኛ ሰው ነው፤ የሥራ ኮቱን ለብሷል፣ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። አልፏል። ፈታኙ ሦስት ጊዜ ዳገት ላይ አስቁሞ አስነሥቶታል፤ አንድ ጊዜም አላንገጫገጨውም። ዛሬ ይህን መስመር እስከ መጨረሻው ይነዳል፤ የመጀመሪያ ተሳፋሪዎቹም እኛ እንድንሆን ፈልጓል።

አለቃችን በሩን ቆለፈ፤ ገባን። እትዬ ጄሶ ከነጄሶዋ ተሳፈረች፣ ወንበሩ ነጭ ሆነ። እኔ ጫማዬ ፔዳሉ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማየት ከፊት ቆምሁ። ቆይ-ቆይ ከሾፌሩ በስተኋላ ባለችው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች፤ ከመንገዱ ይልቅ ዓይኗ ወደ ታች ነው፣ የግራ እግሩን ነው የምታየው። ሾፌሩ ሞተሩን አሞቀ፣ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን እንደ ረገጠ ግን አልተነሣም። ስሟን ከእኔ ሰምቶት ኖሯል። በመስታወቱ አያትና ጠየቃት።

«እህቴ፣ ቆይ ካልሽ እቆያለሁ። ምን ትያለሽ?»

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። እኔም የምታውቀውን አንድ ቃል እንደምትል እርግጠኛ ነበርሁ፤ ለብዙ ዓመት ሰምቻታለሁ። እግሩን እንደገና አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«ሂድ» አለች።